ወንዙን ያስተኙት ጨዋዎች

በእኛ ሰፈር ውሻ እንኳ የሚጮኸው አስፈቅዶ ነው። የግቢ በር ማጠፊያ በየጊዜው ዘይት ይቀባል፤ ብስክሌት የምትገባው ደወሏ ተነቅሎ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይተላለፋሉ እንጂ «እንደምን ዋልክ» አይባባሉም፤ ምክንያቱም ከሰላምታ መልስ ይመጣል፣ ከመልስ ጨዋታ ይመጣል፣ ከጨዋታ ሳቅ ይመጣል፣ ሳቅ ደግሞ የባለጌ ነገር ነው። በሌላ ሰፈር የጸጥታ ኮሚቴ ሌባ ይይዛል። የእኛ ማስነጠስ ይይዛል።

ወንዙ የሚያልፈው ከቤቶቹ ጓሮ ሥር ነው። ዳር ዳሩን ሣር አለ፣ አግዳሚ ወንበርም አለ፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን የለም፤ የተቀመጠ ሰው ይታያላ! ቤቶቹ ነጫጭ፣ መስኮቶቻቸው ሰፋፊ፣ መጋረጃዎቻቸው ወፋፍራም ናቸው። መስኮትን በሰፊው አሠርቶ በወፍራም መጋረጃ መድፈን እዚህ የጨዋነት ምልክት ነው።

እኔ የምኖረው ከአክስቴ ጋር፣ በመጨረሻው ቤት ነው። ቤት ስል ለወጉ ያህል ነው፤ የድሮው ወፍጮ ዘበኛ ማደሪያ ነበር። ዘበኛው የአክስቴ ባል ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ወፍጮው ፈረሰ፣ ዘበኛው ሞተ፣ ማደሪያውና አክስቴ ቀሩ። ጨዋዎቹ የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ከወፍጮው የተረፈ ሌላ ነገር ቢኖር ወንዙን ከዳር እዳር የሚያቋርጠው የድንጋይ እርከን ነበር፤ ከመስኮታችን ፊት ለፊት። ውሃው እዚያ ሲደርስ የሰው ወገብ ያህል ቁልቁል ይወድቅና ያለ ዕረፍት «ሿ» ሲል ይውላል፣ «ሿ» ሲል ያድራል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምጨርስ ስላልታወቀ፣ ቀኔን የማሳልፈው መስኮቱ ላይ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ድምፅ ካዳመጥኩት ባሕር ይሆንልኛል፤ አይቼው አላውቅም፣ ግን ይሆናል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ይሆናል፤ ለማን እንደሚያጨበጭብ አልናገርም።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። በእግር የምትረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና አለቻት፤ ስትረገጥ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። እዚያ የውሃ ጩኸት አጠገብ ባትሆን ኖሮ ጨዋዎቹ ገና ድሮ ከነመኪናዋ ባባረሯት። ውሃው ግን ይሸፍናታል። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ደምበኞቿ ናቸው፤ ቀሚሳቸውን በቦርሳ ደብቀው ይመጡና በር ላይ ሲደርሱ ጮክ ብለው «ትንሽ ይጥበብልኝ ብዬ ነው» ይላሉ፤ ውስጥ ሲገቡ ጠጋ ብለው «አስፊልኝ» ይላሉ። እኔም የምበላው በዚያች መርፌ ቀዳዳ ያለፈውን ነው። መኪናዋ ከቆመች ሁለታችንም ቆምን ማለት ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዕድሜውን በአውቶቡስ መናኸሪያ ያሳለፈ ሰው ነው፤ በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት እየተናገረ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአገሩን ጆሮ ሲያደነቁር ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ጸጥታ ወደደ። አሁን የሚናገረው አፉን በመዳፉ ከልሎ በሹክሹክታ ነው። ሰፈሩ መግቢያ ላይ «ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም» የሚል ሰሌዳ ያስቆመው እሱ ነው። አክስቴ በሰሌዳው ሥር ባለፈች ቁጥር «ዝምቡስ ይግባ፣ ሰው ይናገር» ትላለች። ሰውዬውን «እሹሩሩ» ያለችውም እሷ ናት፤ ሰፈሩን በሙሉ አዝሎ ሊያስተኛ ስለሚዞር። ስሙ ተጣበቀበት፤ ከራሱ በቀር የማይጠራው የለም።

አንድ እሑድ እሹሩሩ ሰፈሩን ግቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«ወገኖቼ» አለ አፉን ከልሎ፣ «ብስክሌቱን አደብ አስገዛን። ውሻውን መከርን። አሁን የቀረን አንድ በጥባጭ ነው።»

«ማነው እሱ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ። ቤቱ ከእኛ ቀጥሎ ነው።

እሹሩሩ በአገጩ ወደ ጓሮው ጠቆመ። ሁሉም ዞረው ወንዙን አዩት። ወንዙም ምንም ሳያፍር «ሿ» ይላል።

«ምሳ በልቼ ጋደም ልበል ስል እንቅልፍ ነሣኝ። እኔን ብቻ አይምሰላችሁ፤ የሁላችንንም ዕረፍት ነው የሚሰርቀው።»

«ወንዝ እኮ ነው ጋሼ» አለች አክስቴ ከኋላ ቆማ። «ወንዝ ይጮኻል።»

«የለም እህቴ፣ ወንዝ ይፈሳል። የሚያስጮኸው ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ይነሣ።»

«ድንጋዩ ከተነሣ ውሃው ይተኛል። ውሃው ከተኛ የኔ የስፌት መኪና ይሰማል።»

«የምን የስፌት መኪና?» አለች የእሹሩሩ ሚስት፣ ባለፈው ሳምንት ወገቡን ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ።

እንዲህ ናቸው። ያልተሰማ ነገር ለነሱ የለም። ሐኪሙ ጫማውን ሲመረምር፣ በሩ ሰማያዊ በሆነው ቤት የሚኖሩት ባልና ሚስት እጃቸውን እንደተያያዙ ሰማዩን አዩ። እነዚህን ሁለቱን «እርግቦቹ» ነው የምንላቸው፤ ተለያይተው ሲሄዱ ያየ የለም።

እሹሩሩ ጉሮሮውን ያለ ድምፅ ጠረገ። «ደንቡ ግልጽ ነው። ከአጥር ውጭ የሚሰማ የሥራ መሣሪያ ይቆማል። ከተሰማ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

አክስቴ ወደ ቤት ተመለሰች። ያኔ ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ዩኒፎርም ተቀብላ ነበር፤ የተቆረጠው ጨርቅ እስከ ጣራው ተቆልሏል፤ ከሚቀጥለው እሑድ ማግስት፣ ሰኞ፣ ትምህርት ይከፈታል። ሥራውን በቀኑ ካላደረሰች ሌላ ሰፊ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ነግረዋታል። ቁልሉን ቀና ብላ አየችው። «ጠባቸው ከድንጋይ ጋር ነበር፤ መንገድ ላይ ያገኙት እኔን ነው» አለች።

ግንበኛው ዲጂኖውን ተሸክሞ መጣ። የእሹሩሩን ምክንያት ሊሰማ እንኳ አልፈለገም። «አውጣ ካላችሁኝ አወጣለሁ። መልስ ካላችሁኝም እመልሳለሁ። ድንጋይ እንደሆን አያኮርፍም» ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየፈነቀለ ዳር ላይ ከመራቸው። የመጨረሻው ሲወጣ ውሃው እንደ ፈሰሰ ዘይት ልሙጥ ሆኖ፣ አቅጣጫው እንኳ የማይታወቅ ሆኖ ተኛ። ጨዋዎቹ ከየጓሯቸው ብቅ ብለው አጨበጨቡ፤ በሁለት ሁለት ጣት፣ ድምፅ እንዳይወጣ።

የእኔ ባሕር ደረቀ። ያ ሁሉ የሚያጨበጭብ ሕዝብም ሳይሰናበተኝ ወደ ቤቱ ሄደ።

አክስቴ ወንበሯን ስባ መኪናዋን ረገጠቻት። ተከተከተከተክ! እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ለካ እንዲህ ነበረች! አንዲት እጅጌ ሳትዘልቅ እሹሩሩ አጥሩ ላይ ቆሟል።

«እህቴ፣ ተሰማ።»

«ምን ተሰማ ጋሼ?»

«መኪናሽ ነዋ። እንግዲህ እስከ እሑድ ስብሰባ አትንኪያት። እሑድ የመጨረሻው ውሳኔ ይሰጣል።»

«ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። ልጆቹ ምን ለብሰው ይግቡ?»

«እሱን ትምህርት ቤቱ ያስብበት» ብሎ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ተረት ደግሞልን ሄደ።

መኪናዋን በአንሶላ ሸፈነቻትና በእጅ መስፋት ጀመርን። ጀመርን ማለቴ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ጣቴን እወጋለሁ። ሲመሽ አንድ ሱሪ አልሞላንም። «እንዲህ ከሆነ ልጆቹ የሚለብሱት አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ ነው» አለች አክስቴ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ከዚያ ሥራዋን አቋርጣ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች።

ከጎረቤት የማንኪያ ድምፅ ይመጣል። ክልክል፣ ክልክል፣ ክልክል። አንድ ሰው ሻይ ያማስላል፤ ሲያማስል አይበቃውም።

«ደግሞ አንድ ጨምሪልኝ» አለ የጥርስ ሐኪሙ ድምፅ፣ ክፍላችን ውስጥ የተቀመጠ ያህል።

«ኧረ ጥርስህ!» አለች ሚስቱ።

«ጥርሴን ተይው፣ የራሴ ነው። ስኳሩን አምጪ።»

አክስቴና እኔ ተያየን። ይህ ሰው ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ የሰጠ ዘመድ ሁሉ እንደ ወንጀለኛ እንዲታይ ያደረገ ሰው ነው።

ቀጥሎ ከሰማያዊው በር በኩል መጣ።

«አንተ ደንቆሮ! ስንቴ ልንገርህ?»

«ደንቆሮስ ያደረገኝ ማን ሆነና?»

እርግቦቹ ናቸው። እጅ ለእጅ መያያዛቸው ለካ አንዱ ሌላውን እንዳይመታ ኖሯል።

እነዚህ ሰዎች ዓመታት ሙሉ ውሃውን ሲረግሙ፣ ውሃው ገበናቸውን ተሸክሞ ሲወርድ ኖሯል። ማንም አላወቀም። እኛም አላወቅንም። ድንጋዩን አንሥተው የገዛ ራሳቸውን ጣራ ነበር የገለጡት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እነዚህን የወሰደው እያስጨበጨባቸው ነው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ እሹሩሩ በድል አድራጊነት መስኮቱን ከፍቶ ተኛ። ጥቂት ቆየና ሰፈሩን የሚያናውጥ ድምፅ ወጣ።

«ክቡራን መንገደኞች! የምሥራቅ መስመር ሊነሣ ነው! ሻንጣችሁን አደራ! ሕፃናትን ያዝ ያዝ!»

አክስቴ መርፌዋን ጣለች። «ምንድነው እሱ? መናኸሪያ ተከፈተ እንዴ?»

«ተነሥ አንተ ሰው!» አለች የሚስቱ ድምፅ። «ደግሞ አውቶቡስ ልታስነሣ ነው?»

«የመነሻ ሰዓት ደርሷል! በር ላይ የቆማችሁ ግቡ!»

«ጉሮሮህ ይነቀል! ኧረ ዝም በል!»

ከሐኪሙ ቤት ሲንቃጨል የነበረው ማንኪያ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በሰፈራችን ማንኪያ ሲቆም ጆሮ ተከፈተ ማለት ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁሉም ሁሉን ሰማ፤ ሁሉም እንዳልሰማ ሆነ። መንገድ ላይ ሲተላለፉ የሚሰበረው አንገት ይበልጥ ተሰበረ። ሐኪሙ ብቻ አልቻለም፤ እሹሩሩን ባገኘው ቁጥር በትሕትና ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ መንገድ እንዴት ነው?» ይለዋል። እሹሩሩም ቀላ ብሎ «አንተስ፣ ሻይ እንዴት ነው?» ይለዋል። ጨዋ ሲሳደብ እንዲህ ነው።

ቤት ውስጥ ማውራት ቀረ። ባል ሚስቱን ጨው አቀብዪኝ ለማለት በእጁ ይበትናል። እኛ ቤት ግን እየተሰፋ ነው፤ በእጅ፣ በዝምታ፣ በተስፋ መቁረጥ። የጨርቁ ቁልል ዝቅ አልልም አለ።

ከዚያ የእሹሩሩ ሚስት ያችን ቀሚሷን በቦርሳ ደብቃ መጣች። በር ላይ «ትንሽ ይጥበብልኝ ብዬ ነው» ልትል አፏን ከፈተችና፣ እንደሚሰማ ሲገባት ገጠመችው። ገብታ ተቀመጠች። እኔን በዓይኗ ጠየቀች።

«ስለሱ አታስቢ» አለች አክስቴ፣ «እዚህ ተቀምጦ ሌላ አገር ነው ያለው።»

ሴትዮዋ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ…» ስትል ከወዲያ ማንኪያው ቆመ። አፏን ያዘች። 

«በይ ቀሚሱን ልየው» አለች አክስቴ። «ግን በእጅ ስለሆነ ይቆይብሻል። መኪናዋ ታግዳለች።»

«ማን አገዳት?»

«ባልሽ ነዋ።»

ሴትዮዋ አንሶላውን ገፈፈችው። «እሱን ተይው! ርገጫት!»

አክስቴ መቼ ሁለት ጊዜ ትጠበቃለች! ከቁልሉ ሁለት ቁራጭ ስባ ረገጠቻት። ተከተከተከተክ! ሴትዮዋ ትንሽ አዳመጠች። ድምፁ ከላይዋ እንደ ብርድ ልብስ መጣ መሰለኝ፣ አፏ ተፈታ።

«ሲቃዥ የአገሩን መንገደኛ ሁሉ ያሳፍራል! ካገባሁት ጀምሮ ያሳፍራል! እኔን ግን አንድ ቀን የትም ወስዶኝ አያውቅም! ከዚህ ወንዝ ማዶ እንኳ! ባሕር አሳየኝ ብለው ‹ባሕር ይጮኻል› አለኝ! እናቱ ደግሞ…»

ቦቢኑ ላይ የተጠመጠመው የታች ክር አለቀ። መኪናዋ ቆመች። ሴትዮዋም አፏን እንደከፈተች ቆመች። አክስቴ ሳትቸኩል ቦቢኑን አወጣች፣ ሌላ አስገባች፣ ክሩን አሳለፈች፣ ረገጠች።

«…እናቱ ደግሞ የባሰች ናት!»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ጨዋ ግን አይጠጣም፤ ለእሱ የስፌት መኪና ይበቃዋል። ሴትዮዋ እፎይ ብላ ስትሄድ ሁለት እጅጌና አንድ ኮሌታ ገብቶ ነበር። ቀሚሷን ረስታዋለች።

ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም፤ በዓይን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰው አላጣም። ከእርግቦቹ ሚስቲቱ ጠዋት መጣች፣ ባልየው ከሰዓት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ክስ ይዘው ነው የመጡት፤ ባንድነት ቢመጡ ጨርቅ በቆጠብን፤ ግን ጨርቁም ማለቅ ነበረበት። የሐኪሙ ሚስት የስኳሩን ጉዳይ አመጣች። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ የተበጠሰ የካፖርት ቁልፍ ይዞ ገባ።

«ቁልፍ በእጅ ነው የሚተከለው ዶክተር» አለች አክስቴ።

«ግድየለም እትዬ፣ ሌላ ነገር እየሰፉ ያዳምጡኝ።»

አዳመጠችው። ሰፋች። በየሰዉ ገበና አንዳንድ ሱሪ አለቀ። የሰሙትን ጆሮዎች ብትጠይቋቸው ግን በሰፈሩ የስፌት መኪና የለም። አልተሰማም። እሹሩሩም ቅዠቱ ከተሰማ ወዲህ አፍሮ ወደ አጥራችን ብቅ አላለም። ሲያወሩ ሁሉም ይፈልጋታል፤ እሑድ ሲሰበሰቡ ደግሞ ሁሉም እጃቸውን አውጥተው እንደሚያግዷት አልጠራጠርም ነበር። ጨዋን አውቀዋለሁ፤ ያዳነውን ሰው በአደባባይ አያውቀውም። አክስቴም ታውቃለች። «እስከ እሑድ ያለኝ ይኼው ነው» እያለች ትረግጣለች። የዚህ ትምህርት ቤት ሥራ ቢደርስ እንኳ፣ ከታገደች የሚቀጥለው የለም።

ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት አለፍ እንዳለ፣ እሹሩሩ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጉንጩ ተንጠልጥሏል። ደፍ ላይ ቆሞ አፉን ከለለና የማይሰማ ነገር አለ።

«አልሰማሁም ጋሼ።»

ደገመው። አሁንም አልተሰማም። ግራና ቀኝ አየ፤ ከሐኪሙ ቤት ማንኪያው ቆሟል። ከዚያ በጣቱ ወደ መኪናዋ ጠቆመ፤ በእግሩም አየር ላይ ረገጠ። ሳቄን መስኮቱ ውስጥ ቀበርኩት።

አክስቴ ረገጠቻት። እሹሩሩ በርጩማው ላይ ዘፍ አለ።

«እንቅልፍ ፈራሁ እህቴ!» አለ። «ጋደም ባልኩ ቁጥር አውቶቡሱ ይመጣል። ራሴን እየቆነጠጥኩ ነው የምውለው። ያ የጥርስ ነቃይ ‹መንገድ እንዴት ነው› ይለኛል! እኔን! ይህን ሰፈር ሰፈር ያደረግኩትን!»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎት?»

«ከምሳ በኋላ እኔ ስተኛ አንቺ ርገጫት። በየቀኑ። እሑድ እኔ ራሴ ለኮሚቴው አቀርባለሁ፤ በተወሰነ ሰዓት፣ ለሰፈሩ ጥቅም፣ መስፋት ግዴታ ይሆናል።»

«ግዴታ? ትናንት ክልክል አልነበረም?»

«ደንብ እኮ ይሻሻላል።»

አክስቴ የያዘችውን ጨርቅ እስከ ጫፉ ሰፍታ ክሩን በመቀስ ቆረጠች። እግሯን ግን ከመርገጫው አላነሣችም፤ ባዶውን አስሮጠችው።

«ጋሼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ወንዝ አይደለሁም። ጨርቅ ሲኖር እረግጣለሁ፣ ሲያልቅ አርፋለሁ። እርስዎ በተኙ ቁጥር ባዶ መኪና ስረግጥ ልኖር ነው? ያለ ዕረፍት የሚጮኽልዎት እዚያ ውጭ ነበረ። ድንጋዩን ይመልሱ።»

«ራሴ አስነሥቼ ራሴ ላስመልስ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እሱን ኮሚቴው ያስብበት» አለችና እግሯን አነሣች።

ዝም። የብርጭቆዎቹ መንቃጨል እንኳ ቆመ። እሹሩሩ በርጩማው ላይ ተጨማደደ። ከሐኪሙ ቤት ማንኪያ የለም፤ ከሰማያዊው በር ትንፋሽ የለም። ሰፈሩ በሙሉ ጆሮውን ግድግዳችን ላይ ለጥፏል።

እሹሩሩ በእጁ ለመናት። በእግሩ አየሩን ረገጠ። አክስቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። 

«ርገጫት» አለ በሹክሹክታ።

«ድንጋዩን» አለች።

«ርገጫት እህቴ!»

«ድንጋዩን።»

ከዚያ የደበቀው ድምፅ ሁሉ፣ ያ የመናኸሪያው ድምፅ፣ ያለ ማጉያ ፈነዳ።

«እሺ! ድንጋዩን አስመልሳለሁ! ርገጫት!»

ወንዝ ማዶ ያሉ ወፎች ተነሥተው በረሩ። አክስቴም ረገጠቻት፤ ግን ዘግይቷል። ከሐኪሙ ቤት ማንኪያው ክልክል ክልክል ብሎ ማማሰሉን ቀጠለ፤ ሳቁ እንዳይሰማበት ይመስለኛል።

እሑድ ስብሰባው ያለወትሮው አጭር ነበር። አክስቴ አልሄደችም፤ የቀራትን እየሰፋች ነው። እኔ ሄድኩ። የመኪናዋ ድምፅ እስከ እሹሩሩ ግቢ ድረስ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ አንድም ሰው ራሱን አላዞረም። እንዳሰብኩት አልተሰማችም። እሹሩሩ ከአንድ ክንድ የሚረዝም ሐተታ አዘጋጅቶ መጥቶ ነበር፤ ስለ ውበት፣ ስለ ዓሦች፣ ስለ ታሪካዊ ቅርስ።

«የወፍጮው እርከን እንደምታውቁት የሰፈራችን ቅርስ…»

«ይመለስ!» አለ ሐኪሙ።

«ይመለስ! ይመለስ!» አሉ እርግቦቹ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል።

«…ገና አልጨረስኩም» አለ እሹሩሩ።

«ጨርሰዋል ጋሼ፣ ትናንት ሰምተናል» አለች አንዷ፤ ማን እንደሆነች ማንም አላየም።

ሰኞ ዩኒፎርሙ ደረሰ። ትምህርት ቤቱም ለሚመጣው ዓመት ቃል ገባ። ግንበኛው በዚያው ሳምንት ዲጂኖውን ይዞ ተመለሰ፤ ሳይጠይቅ ገባ፤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ መልሶ ከተተ። እንደነበሩ አልገቡም። የትኛው የት እንደነበረ እሱ አያስታውስ፣ ጨዋዎቹ ወንዙን ልብ ብለው አይተውት አያውቁ፣ እኔም አይቼው ስለማላውቅ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር፣ የሚናገር ጠፋ። አንዱ ወደ ውጭ ወጣ፣ አንዱ ጠለቀ፣ መሐሉ ጎድጎድ አለ። ውሃው መጥቶ እዚያ ሲደርስ እንደ ድሮው «ሿ» አላለም። ጉሮሮው ውስጥ ያንደቀድቀዋል፣ ያንደቀድቀዋል፣ ከዚያ ቱፍ ይለዋል። እንደገና ያንደቀድቀዋል።

ሐኪሙ በጓሮው ቆሞ አዳመጠው። «ይጉመጠመጣል» አለ። «እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው እንኳ እንዲህ አይጉመጠመጥም።»

ባሕሬ ተመልሶ አልመጣም። ዓይኔን ስጨፍን አሁን የሚመጣልኝ የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ነው፤ ሕዝቡ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል፣ አንድም የሚያጨበጭብ የለም። ጨዋዎቹ ግን ተረጋጉ። የሚሸፍን ነገር አገኙ፤ ቢያስጠላም ይሸፍናል። ሐኪሙ ስኳሩን፣ እርግቦቹ ስድባቸውን መልሰው ውሃው ሥር ደበቁ። አክስቴን መንገድ ላይ ሲያገኟት እንደ ድሮው አንገት ይሰብሩላታል። የእሹሩሩ ሚስት አንድ ቀን ቀሚሷን ልትወስድ መጣችና፣ በር ላይ ጮክ ብላ «ትንሽ ይጥበብልኝ ብዬ ነበር» አለች፤ አይታን የማታውቅ እንግዳ ትመስላለች።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ግንበኛው መሐሉን ስላጎደጎደው ከእርከኑ ኋላ ኩሬ ተጠራቅሞ፣ ኩሬው ውስጥ እንቁራሪት ገብቷል። ማታ ማታ ይጮኻሉ። አክስቴ ሥራ ስለነበራት እኔን ላከችኝ።

«ወገኖቼ» አለ እሹሩሩ አፉን ከልሎ፤ እንቅልፍ ጠግቧል፣ ጉንጩ ሞልቷል። «ብስክሌቱን አደብ አስገዛን። ውሻውን መከርን። ወንዙንም ለሰፈሩ በሚበጅ መልኩ አስተካከልን። አሁን የቀረን አንድ በጥባጭ ነው…»

እስኪጨርስ አልቆየሁም። ዞር ዞር ብዬ ስመለስ አክስቴ መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዎቹ ይጋጫሉ።

«ምን አሉ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«እንቁራሪቶቹን ማን ያናግራቸው ነው የሚሉት።»

«እሹሩሩ ይበሏቸዋ። የኔስ ነገር ተነሣ?»

«አልተነሣም።»

«ውጭ ይሰማል?»

ወደ ደጅ ወጥቼ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ወንዙ ይጉመጠመጣል፣ ይተፋል፣ ይጉመጠመጣል። ሌላ ምንም የለም። ከሩቅ ብቻ፣ አላውቅም፣ ጆሮዬም ሊሆን ይችላል፣ ስብሰባው ተበትኖ የተኛ አንድ ሰው አውቶቡስ ያስነሣል።

ተመልሼ ገባሁ።

«አይሰማም» አልኳት።

«እንግዲያው ያንን ቦቢን አቀብለኝ» አለች።